በባትሪ ድንጋይ የሚጮኸው ጊታር

ልጅነቴ የሚሸተኝ የቀለጠ እርሳስና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነው። ያደግኩት ኮልፌ አጠና ተራ፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ኮልፌ የከተማው ጫፍ ነበረች። የአጠናው ክምር በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ፣ አህዮቹ እንጨት ተጭነው ሲወርዱ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ከእግር ነጥቆ ሲያስቀር ያየ የእኔ ዕድሜ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። መብራት ከዋናው መንገድ ዳር ካሉት ቤቶች አልፎ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። እኛ የምንኖረው በኩራዝ ነበር። እንጀራችንም ከኩራዝ ነበር፤ አባቴ ሸምሱ ከባዶ ቆርቆሮ ኩራዝ፣ ጣሳና አሸንዳ እየሠራ ነው ያሳደገን።

ቆርቆሮውን ከመርካቶ በጆንያ የምታመጣለት እናቴ ከዲጃ ናት። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው መበየጃውን ከሰሉ ውስጥ የማግለው፣ እርሳሱንና ብየዳው እንዲይዝ የሚቀባውን አሲድ የማቀርበው፣ ሲቀዘቅዝ የማቀባብለው እኔ ነበርኩ። ከመጻፍ በፊት መበየድ ለመድኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጣቶቼ ላይ የነበረውን የቃጠሎ ጠባሳ የክፍል ልጆች ሲያዩ «ሰዓዳ ቀጥቃጯ!» ይሉኝ ነበር። እኔም ዝም ብዬ አላልፍም። ስንቱን በቦርሳዬ አናቱን እንዳልኩት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

የወንበር ጓደኛዬ እልፍነሽ ትባላለች። ቤታቸው ከእኛ ቤት በአጥር ብቻ ነው የሚለየው። ታላቅ ወንድሟ አሰብ ወደብ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ጊታሩን ትቶላት ሄደ። ሆዱ ላይ የተሰነጠቀ፣ አንድ ክር የጎደለው ጊታር ነው። ማንም ሳያስተምራት፣ ሬዲዮ እየሰማች፣ በቀሩት ክሮች መጫወት ጀመረች። ሰባተኛ ክፍል ስንደርስ የራሷን ዘፈን አወጣች። ስለ ፍቅር አልነበረም፤ ምን ፍቅር እናውቃለን? ስለ ቦኖ ውሃ ነበር። ሴት ልጅ ጎህ ሳይቀድ ባልዲ ይዛ ስለምትሰለፍበት፣ ውሃው ሲቋረጥ ባዶ ባልዲዋን እንደ ከበሮ እየመታች ስለምትመለስበት፣ ትምህርት ቤት ስትደርስ ደግሞ «አረፈድሽ» ተብላ ስለምትገረፍበት ነበር። ቀላል ዜማ ነው፤ አንዴ የሰማ ይቀበላል።

በዚያ ዓመት ከመዝጊያው ፈተና በፊት የወላጆች ቀን ሊከበር ሆነ። የወረዳው ሹማምንት እንደሚመጡ ተነገረን። ልምምድ በሚደረግበት ቀን እልፍነሽ ጊታሯን ይዛ አዳራሽ ገባች፤ እኔም አጅቤያት። ገና ሁለተኛውን ስንኝ ሳትጨርስ ዳይሬክተሩ እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘፈን ነው ጌታዬ» አለች።

«ዘፈን አይደለም፣ አቤቱታ ነው! እንግዳ ጠርተን የቦኖ ወረፋ ልናሰማቸው ነው? ደግሞስ ሴት ልጅ ጊታር ታቅፋ መድረክ ላይ!» ዞር ብለው የሙዚቃ ክበቡን ወንዶች አዩ፤ ወንዶቹም ግዴታቸው ይመስል ሳቁ። «ድምፅ ማጉያው የእነሱ ነው። ያለ እሱ ደግሞ ከፊተኛው ወንበር አልፎ የሚሰማሽ የለም። ሂጂና ከመዝሙር ቡድኑ ጋር ቁሚ።»

ወደ ቤት ስንሄድ እልፍነሽ አላለቀሰችም። ያገኘችውን ጠጠር ሁሉ በእግሯ እየመታች ሄደች። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆመችና፣ «ሰዓዳ፣ ያንን የሚያጎላውን ነገር የሚሠራው ሰው ነው አይደል?» አለችኝ።

«ታዲያ ማን ይሠራዋል፣ ጅብ?»

«እንግዲያ ሥሪያ» አለች፤ ጉዳዩም በዚያው አለቀ።

መሥራት ግን እንደ ማውራት አልሆነም። የሳይንስ አስተማሪያችን ሚስተር ጆርጅ የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። ከአገራቸው ይዘውት በመጡ አሮጌ መጽሔት ውስጥ የትንሽ ማጉያ ሥዕል አሳዩኝ። መስመሩ፣ ቁጥሩ፣ ምልክቱ ሁሉ የሸረሪት ድር መሰለኝ። ከትምህርት በኋላ ተቀምጠው አንድ በአንድ አስረዱኝ፦ ይቺ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ትቀበላለች፣ ይቺ ታበረታዋለች፣ ያቺኛዋ ለእስፒከሩ ትሰጣለች። በዚያ በሚጣፍጥ አማርኛቸው «ሥሪ። ካልሠራ፣ እንደገና ሥሪ» ብለው ሥዕሉን ገልብጬ እንድወስድ ፈቀዱልኝ።

ዕቃው ከየት ይምጣ? ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን የጀመሩት ነገር ተንጠልጥሎ ሲቀር አይሆንላትም። በማግስቱ ከመርካቶ ስትመለስ ከጆንያዋ ከባዶው ጣሳ ሥር አንድ የሞተ ሬዲዮ አወጣች። ፊቱ ተሰብሮ፣ እስፒከሩ ተቀዶ ነበር። ሆዱን ስንከፍተው ግን ትራንዚስተሮቹ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል፤ እያንዳንዳቸው ሽንብራ ያክላሉ፣ ሦስት ሦስት እግር አላቸው። ከዚያው ጋር የጆሮ ማዳመጫም አብሮ ነበር። ሚስተር ጆርጅ ያንን ማዳመጫ ጊታሩ ሆድ ላይ ብንለጥፈው የእንጨቱን ንዝረት እንደሚቀበል ነግረውኝ ስለነበር፣ ሳየው በደስታ ዘለልኩ።

የአባቴ መበየጃ ለኩራዝ እንጂ ለሽንብራ አልተሠራም። ትራንዚስተር ደግሞ ሙቀት ከበዛባት ትሞታለች። ስለዚህ ወፍራም የመዳብ ሽቦ በሚስማር ላይ ጠምጥሜ ትንሽ መበየጃ ሠራሁ። እኔ ስበይድ እልፍነሽ የትራንዚስተሯን እግር በፒንሳ ትይዛለች፤ ሙቀቱ ወደ ፒንሳው እንዲሄድ ነው። የተቀደደውን እስፒከር በሲጋራ ወረቀትና በሙጫ ጠጋገንነው። ቤቱ ምን ይሁን ስንል አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ተገኘ። ክዳኑን ቀድጄ እስፒከሩን አስገባሁበት፤ አናቱ ላይ ደግሞ እጀታ በየድኩለት።

አባቴ የደረሰብን ጣሳውን ስበሳ ነው። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔም አልዋሸሁም።

«አዝማሪ ልትሆኑ ነው?» አለ። ድምፁን አላነሳም፤ አባቴ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። «ትማሪ ብዬ ነው የላክሁሽ። በእኔ ላይ የደረሰው ስድብ አንሶ ሌላ ልታመጪ ነው? ከእንግዲህ ይሄን ነገር እዚህ እንዳላየው።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «እዚህ ማየት ካልፈለግህ እዚያ አስገባዋለሁ» አለችና ጣሳውን፣ ሽቦውን፣ ፒንሳውን ሰብስባ ጓዳ አስገባችው። አባቴ መዶሻውን አነሳና የቆርቆሮው ወገብ ላይ ከሚገባው በላይ ጠንከር አድርጎ መታ።

ጓዳ ውስጥ፣ ከበርበሬና ከጋዝ ሽታ መሃል፣ ሥራውን ቀጠልን። ድንጋዮቹን ደረደርንና ሽቦውን አገናኘሁ። የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው፤ የዛሬ ልጆች ድንጋይ ስል ግራ ሊጋቡ ይችላሉ። ጣሳው ዝም አለ። ደግሜ ፈታሁ፣ ደግሜ በየድኩ። አሁንም ዝም። በሦስተኛው ቀን ብየዳዎቹን ሳያቸው አረንጓዴ ሆነው ቀጭኖቹ ሽቦዎች በራሳቸው ይቆረጣሉ። እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ አባቴ ለስግደት ሊተጣጠብ ጣሳ ፍለጋ ጓዳ ገባ። እኔንም፣ ሥራውንም አየ። ወዲያው ወደ በሩ እየሄደ፣ ፊቱን ሳያዞር፣

«አሲድ ለኩራዝ ነው፤ ቀጭን ሽቦ ይበላል» አለ።

እልፍነሽና እኔ በማግስቱ ከፈረንጅ ጥድ ላይ ሙጫ ስንፍቅ ዋልን። በአሲዱ ፈንታ በሙጫው በየድን፤ ብየዳው እንደ ብር አበራ። ድንጋዮቹ ደክመው ስለነበር ቀኑን ሙሉ ጸሐይ ላይ አሰጣናቸው፤ በዚያ ዘመን ድንጋይ ያለቀበት ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ከዚያ ማዳመጫውን ጊታሩ ላይ ለጠፍንና አገናኘሁት። ጣሳው «እሪ!» አለ። በእርግጥ እሪ ነበር! ዶሮዎቹ በአጥሩ ላይ በረሩ፤ የእልፍነሽ እናት «ምን ሆናችሁ?» እያሉ ነጠላቸው ወድቆ እየሮጡ መጡ። ጊታሩ ለጣሳው በጣም ቀርቦበት ነው። ረጅም ሽቦ ቀጠልኩና እልፍነሽን ግቢው ጫፍ ድረስ ወሰድኳት። ከዚያ አንድ ክር መታች።

ያንን ድምፅ እንዴት ልግለጸው? የሚያምር አልነበረም። ሻካራ፣ ትንሽ የሚያጉረመርም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ይመስላል። ግን ትልቅ ነበር። ከአጥራችን አልፎ፣ ከጎረቤት አጥርም አልፎ ሄደ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አባቴ መሥሪያ ቦታው ላይ ነበር፤ የመዶሻው ድምፅ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሽ ውስጥ ከመዝሙር ቡድኑ ጋር ቆመን የሚዘመረውን ዘመርን፤ ወንዶቹም በመብራት በሚሠራው ማጉያ የተፈቀደላቸውን ተጫወቱ። ንግግሩ አልቆ እንግዶቹ ለለስላሳ ወደ ሜዳው ሲወጡ እኛ በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ነበርን። ጊታሯ እልፍነሽ አንገት ላይ፣ ጣሳው እኔ እጅ ላይ፣ ረጅሙ ሽቦ በመሃላችን። ሶኬት ምን ይሠራልናል? እልፍነሽ ጀመረች።

ሰው ሁሉ ዞረ። ዳይሬክተሩ ከሹማምንቱ መሃል ሆነው በዓይናቸው ዘበኛውን ጋሼ ቶሎሳን ፈለጉ። ጋሼ ቶሎሳ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ልጆች፣ ግቢ ውስጥ አይቻልም ተብሏል።»

«ከግቢ ብንወጣስ ጋሼ?» አልኳቸው።

አሰቡበት። «ከወጣችሁማ፣ እኔ የግቢው ዘበኛ ነኝ» አሉና በሩን ራሳቸው ወለል አድርገው ከፈቱልን።

ወጣንና አጥሩ ሥር ቆመን ከአቋረጥንበት ቀጠልን። እንግዶቹ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አሰገጉ። በዚህ ጊዜ ዳይሬክተሩ በሩ ድረስ በራሳቸው እግር መጡ። «ከአጥሩ ራቁ! ራቁ ብያለሁ!» አሉ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር። እልፍነሽ አየችኝ። እኔ የማጉያውን ድምፅ መጨመሪያ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ከዚያ፣ እሷ ከፊት እየተጫወተች፣ እኔ ጣሳዬን አንጠልጥዬ ከኋላ፣ በሽቦ ተሳስረን አስፋልቱን ተሻገርን። አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አሳለፈን፤ ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋልን።

ማዶ ያለው የአጠና ክምር ነበር። ባለቤቱ አንድ ሸምገል ያሉ የጉራጌ ነጋዴ ነበሩ። «ውጡ፣ ውጡ፤ ክምሩ የእኔ ነው፣ ማንም አያወርዳችሁም» ብለው እጃችንን ይዘው አወጡን። ከቦኖ የሚመለሱት ሴቶች ባልዲያቸውን አወረዱ። ዜማውን አንዴ ሰሙት፣ በሁለተኛው ተቀበሉ። አንዷ ባልዲዋን ገልብጣ መምታት ጀመረች። ድንጋዮቹ እስኪደክሙ፣ ድምፃችን ወደ ማጉረምረም እስኪወርድ ድረስ ተጫወትን። በሕይወቴ ከዚያ በላይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሜ አላውቅም።

በማግስቱ ወላጅ አምጡ ተባልን። አባቴ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ አብሮኝ ሄደ። በመንገድ ላይ ከፊቴ ቀድሞ ይራመድ ነበር፤ ከዳይሬክተሩ ይልቅ እሱን ፈራሁት። ቢሮ ስንገባ ዳይሬክተሩ ተቀመጥ እንኳ አላሉትም።

«አንተ ነህ አባቷ? ልጅህ ትምህርት ቤቱን በእንግዳ ፊት አዋርዳለች። ነገ ባንዲራ ሲሰቀል ተማሪው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ያንን ዕቃም ታስረክባለች። ለነገሩ ከቀጥቃጭ ቤት ከዚህ የተሻለ ምን ይጠበቃል?»

አባቴ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር። መልሶ ራሱ ላይ አደረገው።

«ጌታዬ፣ ግቢ ውስጥ አይቻልም ሲባሉ ወጥተዋል?»

«ወጥተዋል፣ ግን...»

«ከአጥሩ ራቁ ሲባሉ ርቀዋል?»

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመሩ።

«እንግዲያው የታዘዙትን ሠርተዋል። መንገዱ የትምህርት ቤቱ አይደለም። ቀጥቃጭ ላሉት፣ አዎ፣ ቀጥቃጭ ነኝ። ልጄም በእጇ ሠርታለች፤ ከማንም አልወሰደችም። ዕቃውን አላስረክብም፤ ይቅርታም አትጠይቅም።» ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ነው የተቆጣው በእኔ እንዳልሆነ የገባኝ።

በዚያው ሰዓት ታገድኩ። ቤት ስንደርስ አባቴ ጣሳውን ከጓዳ አወጣው። አገላብጦ አየው። «እጀታው ላልቷል፤ እንዲህ ነው የሚበየደው?» አለና መበየጃውን ከሰል ውስጥ ከተተ። ያለቀስኩት ያኔ ነው።

የእልፍነሽ እናት ባላቸውን በሞት ያጡ፣ ልጃቸው እንዳትባረር የሚሰጉ ሴት ነበሩ። እግሯ ላይ ወድቀው ለመኗት፤ እልፍነሽም ይቅርታ ልትጠይቅ እሺ አለች። በማግስቱ ጠዋት እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አይ ነበር። ተማሪው ተሰልፏል። እልፍነሽን ከባንዲራው ሥር አቆሟት። አንገቷን ደፍታ የሆነ ነገር አጉተመተመች።

«አልተሰማም!» አሉ ዳይሬክተሩ። «ጮክ በይ!»

እልፍነሽ ቀና አለች። «ጌታዬ፣ ማጉያው ሰዓዳ ቤት ነው ያለው» አለች።

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ትንንሾቹ የአንደኛ ክፍል ልጆች ነገሩ ሳይገባቸው ይንከተከቱ ነበር። ሚስተር ጆርጅ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን የሚያብሱ መሰሉ። ጋሼ ቶሎሳ ጀርባቸውን ሰጥተው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እልፍነሽ ቦርሳዋን አንስታ በበሩ ወጣችና አጠገቤ መጥታ ቆመች። «እንሂድ» አለችኝ። ሄድን።

ዋጋ አላስከፈለንም አልልም። ዓመቱን ደገምን። የተቀበለን ትምህርት ቤት ሩቅ ነበር፤ ክረምት ከበጋ በእግራችን ተመላለስን። የእልፍነሽ እናት ለብዙ ጊዜ አኮረፉን። ዛሬ እንደገና ያንን ቀን ብታገኚው ምን ታደርጊያለሽ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የምቀይረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲስ ድንጋይ እገዛ ነበር።

እልፍነሽ ዘፋኝ አልሆነችም። ነርስ ሆና ስንቱን አዋልዳ ጡረታ ወጣች፤ ቤቴል ሰፈር ከልጇ ጋር ትኖራለች። እኔ አየር ጤና አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ መጠገኛ ከፍቼ ዓይኔ እስኪደክም ሠራሁ። ደንበኛ ገብቶ ግራ ቀኝ እያየ «ባለሙያው የለም?» ሲለኝ፣ «አለ፣ ፊትህ ተቀምጧል» እለው ነበር። አባቴ ያንን ሱቅ አይቶ ነው የሞተው። አመሰገነኝ ብል ውሸት ነው፤ በየሳምንቱ እየመጣ በረንዳው ላይ መቀመጥ ግን ያበዛ ነበር።

ዛሬ ኮልፌ ሌላ ነው። ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ድምፅ ማጉያ የሌለው ሱቅ የለም፤ ጫማ ሻጩም፣ ሎተሪ አዟሪውም፣ ታክሲውም በየፊናው ይጮኻል። እኛ በስንት መከራ ከሞተ ሬዲዮ ሆድ ያወጣነውን ነገር ዛሬ ሕፃን ልጅ በኪሱ ይዞት ይዞራል። አንዳንዴ ጆሮዬን ይዤ፣ ያንን ጸጥ ያለ ሰፈር፣ አንድ መዶሻ ሲመታ ሦስት መንደር የሚሰማበትን ዘመን እናፍቃለሁ።

ባለፈው ሰሞን የእድራችን ስብሰባ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ሐሳብ ልትሰጥ ተነሳች። ማይኩን የያዙት ሰውዬ «ጊዜ የለንም፣ እንለፍ» አሉና አለፏት። ልጅቷም ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ጉልበቴን ይዤ እንደምንም ተነሳሁ። «ስጧት» አልኩ። «እማማ፣ አጀንዳው...» ሲሉ፣ «ስጧት ብያለሁ» አልኳቸው፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ልጅቷ ጋ ደረሰ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገችና መናገር ጀመረች።